በመርከቡ ጣሪያ ላይ የጎደለችው ጥርስ

ሰኞ፣ ጥር 18። ጠዋት 4 ሰዓት

የአንድ ደንበኛዬን ቤት ፕላን ለሦስተኛ ጊዜ እየሣልኩ ነው። ሳሎኑ ሰፋ ይበል፣ ኩሽናው ጠበብ ይበል። ሴትዮዋ ቆማ ልታበስል ነው ወይስ ተንጠልጥላ፣ ብዬ ጠየቅኩት። ተቆጣ። አቶ ሰይድ ሳቃቸውን ሊደብቁ ወደ ፎቶ ኮፒው ዞሩ። ኮፒ ቤቱ የእሳቸው ነው፤ እኔ ጥጉ ላይ ጠረጴዛ አለኝ። አምስት ዓመት አርክቴክቸር ተምሬ ፍኖተ ሰላም ላይ ሳሎን አሰፋለሁ። ይሁን።

ኔትወርክ አሁን ተመለሰ። የስንት ቀን መልእክት ስልኬ ላይ እየተንጣጣ ነው። ሳሎኑን ልጨርስና አየዋለሁ።

ያው ቀን፣ 8 ሰዓት

ስሚኝ ደብተሬ።

ሐና፣ አብራኝ የተማረችው፣ ቪዲዮ ልካለች። ከሥሩ «አይተሽዋል?» ብቻ። አዲስ የቅንጦት መርከብ ነው። መርከብ ልበለው እንጂ ከተማ ነው። ፎቁን ስቆጥር አሥራ ሰባት ላይ ተምታታብኝ። ሆዱ ውስጥ የእውነት ዛፍ የበቀለበት አትክልት ቦታ። ወለሉ መስተዋት የሆነ የመዋኛ ገንዳ፤ የሚዋኘው ሰው ባሕሩን ከሥሩ ያያል። ምግብ ቤቱ ብቻ ሃያ ምናምን። የዓሣው ለብቻ፣ የጣፋጩ ለብቻ፣ አንዱ ደግሞ አብሳዩ እንግዳው ፊት እሳት የሚያነድበት። እስከዚህ ድረስ አልደነገጥኩም። ተደነቅኩ እንጂ።

ከዚያ የዋናውን የምግብ አዳራሽ በር ከፈቱት።

ማዕዘን የሌለው አዳራሽ። ሦስት ዙር፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ። መግቢያው ላይ አሳላፊ ጎንበስ ብሎ እንግዳውን በማንቆርቆሪያ ያስታጥባል። ለስድስት ሰው አንድ ክብ ገበታ፣ ከነክዳኑ። ደወል ሲደወል የሁሉም ክዳን እኩል ይነሣል። ጣሪያው የተገለበጠ መሶብ ነው። ከሥሩ ተቀምጠሽ ሽቅብ ስታዪ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ወይን ጠጁ እየዞረ፣ እየጠበበ ወደ አናቱ ይሄዳል።

የእኔ ነው። የመመረቂያ ሥራዬ ነው። ጣና ዳር ለሚሠራ ሎጅ ብዬ የሣልኩት የምግብ አዳራሽ፣ ከማንቆርቆሪያው እስከ ደወሉ፣ ውቅያኖስ ላይ ቆሟል!

ቀጥሎ ሰውየው ብቅ አለ። መ/ር ዘ.። አማካሪዬ የነበረው። የአዳራሹ ሐሳብ ባለቤት ተብሎ። ሐሳቡ የመጣለት ከእናቱ መሶብ እንደሆነ በለስላሳ እንግሊዝኛ ተናገረ። ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለ።

ይሄንኑ ሥራ «ገጠር ገጠር ይሸታል» ብሎ «ሲ» ውጤት የሰጠኝ ሰው!

ማክሰኞ፣ ጥር 19

አንድም መስመር አልሣልኩም። ፍላሼን ከፍቼ የእኔን ሥዕልና ቪዲዮውን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ሦስቱን ዙር የወሰድኩት ከደብራችን ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበር። መካከሉን፣ መቅደሱ በሚሆንበት ቦታ፣ ለምንጭ ውኃ ብቻ ትቼው ነበር፤ እነሱ ባር አድርገውታል። የምስጋና ቦታ ላይ ጠርሙስ። ሌላው ሁሉ አንድ ነው።

አ/ሰይድ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሁለቱንም አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ እውነቱን ነገሩኝ፤ መሶብ የአገር ነው፣ ክብ አዳራሽም የማንም ነው፣ ሰውየው «እኔም አስቤዋለሁ» ቢል አፉን የምትዘጊው በምን ነው? ጮህኩባቸው። ጩኸቴ እስኪያልቅ ፎቶ ኮፒው ውስጥ ወረቀት ሞሉና «አሁን ደግሞ ማስረጃ ፈልጊ» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ያናደደኝም እሱ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 20። ከምሳ በኋላ

ይህን ቁጭ ብዬ መጻፍ አልቻልኩም፤ ቆሜ ነው።

ለእማዬ ቪዲዮውን አሳየኋት። ስለ ስርቆቱ ትንፍሽ አላልኩም። መርከብ ብቻ ነበር ላሳያት ያሰብኩት። ገንዳው ላይ ስትደርስ ስልኩን ከእጄ ቀማችኝ። ባሕር ላይ ተቀምጠው ውኃ ይቆፍራሉ? ሰው ጤና ሲበዛበት እንዲህ ነው? አትክልቱን ስታይ ማን እንደሚኮተኩተው ጠየቀችኝ። አዳራሹ ላይ ስትደርስ ግን ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ አራቀች፣ እንደገና አስጠጋች።

«አንች ልጅ፣ ይኼ የኔ አይደለም እንዴ?»

«ምኑ፣ እማዬ?»

«ይኼ ሰማዩ ላይ ያለው። የኔ መሶብ ነው እኮ። ማን አወጣው እዚያ ላይ?»

መሶብ ሁሉ ይመሳሰላል አልኳት። ልፈትናት አልነበረም፤ እውነቴን ነበር። እንደ ሞኝ አየችኝ። ጣቷን መስተዋቱ ላይ አደረገች። አራተኛው ዙር ላይ ቀዩ አለላ ሹል ሹል እያለ ይዞራል፤ እማዬ «ጥርስ» ትለዋለች። ከጥርሶቹ መካከል አንዲቷ የለችም። ቦታዋ ባዶ ሆኖ ከሥሩ አንዲት የአረንጓዴ ክር ታልፋለች።

«ይችን ጥርስ በዚህ አገር ከኔ በቀር የሚዘል ሴት የለም።»

ያደግኩበት መሶብ ነው። ስሥለው ጥርስ ሳልቆጥር ያየሁትን እንዳለ ገልብጬዋለሁ። እሱ ደግሞ የእኔን ገልብጧል፣ ከነጎደሎው። የመርከቡ ሠሪዎች ያንን ጎደሎ በስንት መብራት አስጊጠው ሰቅለውታል!

እማዬ የጥርሷን ነገር ነገረችኝ። እስከ ዛሬ ነግራኝ አታውቅም። አዲስ ሙሽራ ሆና እዚህ ቤት ስትገባ የመጀመሪያውን መሶቧን እየሰፋች ቆጠራ ተሳሳተች። አማቷ አዩት። ፍቺው አሏት። የሦስት ቀን ሥራ ነበር። አልፈታም አለች። «በስሕተትሽ ትታወቂበታለሽ» ሲሏት «እንግዲያው ልታወቅበት» አለች። ከዚያ ወዲህ በሰፋችው መሶብ ሁሉ፣ ሆን ብላ፣ አራተኛው ዙር ላይ አንዲት ጥርስ ትዘላለች። ሴቱ ሁሉ የየራሱ ምልክት አለው። ለሠርግና ለተዝካር መሶቡ ከየቤቱ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ሲመለስ እንዳይለዋወጥ።

እኔ እምቢተኝነቴን ከመጽሐፍ ያገኘሁት መስሎኝ ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 22

ትናንት ለመ/ር ዘ. ጻፍኩለት። አጭር። ሥዕሌን ከነቀኑ አያያዝኩ። ቁጣ አላበዛሁም፤ አራት ቃለ አጋኖ ብቻ።

ዛሬ መለሰ። ደብተሬ፣ መልሱን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ደስ ብሎታል። ናፍቄዋለሁ። ቅርስ የሕዝብ ነው፤ መነሻ ሐሳብ እንደ ዝናብ በሁሉም ላይ ይዘንባል። ደግሞ የምሥራች አለው፤ መርከቡ ለዚያ አዳራሽ ሠራተኛ ከአገራችን ይፈልጋል። ሐሙስ ቡሬ መጥቶ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ስለ መርከቡ ገለጻ ያደርጋል፤ ወጣቶችም ይመርጣል። ለእኔ ቦታ ይዞልኛል።

አሳላፊነት።

እኔ በሣልኩት አዳራሽ፣ በእናቴ መሶብ ሥር፣ ማንቆርቆሪያ ይዤ ጎንበስ እንድል!

አሳላፊነትን አልናቅኩም። ምግብ ማሳለፍ ክብር ነው፤ በሠርግ ቤት አሳላፊ የሚሆነው የተመረጠ ሰው ነው። ግን መልእክቱ ሥር ወረቀት ተያይዟል፤ እንድፈርመው። «የሥራው ሐሳብ የመምህሬ ሲሆን እኔ በእሳቸው መሪነት በሥዕል ረዳትነት ተሳትፌያለሁ።» ይህን ፈርሜ ባሕር አቋርጣለሁ። ካልፈረምኩ እዚሁ ሳሎን አሰፋለሁ።

አ/ሰይድ አንብበው ወረቀቱን በሁለት ጣት፣ እንደ ሞተ አይጥ፣ መለሱልኝ።

እውነት ልንገርሽ? አንዲት ደቂቃ ያህል አሰብኩበት። በረንዳ ያለው ክፍል። ባሕር። ከዚህ መውጣት። አንዲት ደቂቃ። ከዚያ ራሴን ጠላሁት።

እሑድ፣ ጥር 24

የዛሬውን አላሰብኩትም ነበር። ከሰኞው ይብሳል።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሰውየው ሥራዬን እንደሰረቀኝ፣ ስሜን እንደፋቀ፣ ወረቀቱን። ነጠላዋን እያጠፈች ሰማችኝ። ስጨርስ በጣም ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ያንች ስም የነበረበት ላይ የኔስ ስም ነበረ?»

ቁጣ የለበትም። እንደ ማንኛውም ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የመመረቂያ ጥራዜን ከሣጥን አወጣሁ።

የምስጋናው ገጽ፦ እግዚአብሔር። ቀጥሎ መ/ር ዘ.፣ «ላልተቆጠበ ድጋፋቸው»። ቀጥሎ ጓደኞቼ፣ በስም። መጨረሻ ላይ «ቤተሰቦቼ»። ከጣሪያው ሥዕል ሥር ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ምንጭ፦ ባህላዊ ስፌት፣ ምዕራብ ጎጃም»።

ባህላዊ ስፌት። እናቴን ባህላዊ ስፌት ብያታለሁ። ወስፌ ጣቷን ሲወጋት እያየሁ ያደግኩት ልጅ። ሌባው ገና መንገድ ላይ ሳለ እኔ ቀድሜ ስሟን ፍቄዋለሁ። ያውም እሱ ቢያንስ «እናቴ» ብሏል!

እማዬ ማንበብ አትችልም። ያነበብኩላት እኔ ነኝ። እያንዳንዷን ቃል። እያለቀስኩ።

ነጠላዋን አጥፋ አስቀመጠችና «በይ ተነሽ፣ ምሳ እንብላ» አለች። ከበላን በኋላ ደግሞ፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው፣ ሐሙስ ቡሬ እሷም እንደምትሄድ ተናገረች። መሶቡን ይዛ።

መሶቡ ግን ቤት የለም። ጥር ነው፤ ገጠር ሠርግ ሄዷል።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

መሶቡን ልናመጣ ሄድን። ግማሹን በባጃጅ፣ ግማሹን በእግር። ትላንት የሠርጉ መልስ አልቋል፤ ዳሱ ግን አልፈረሰም። ሠላሳ የሚሆን መሶብ ተደርድሯል። ሴቶቹ እየዞሩ የየራሳቸውን ያነሣሉ። አንዷ ጥቁር ክር ነው ምልክቷ፤ አንዷ የመሶቡ እግር ውስጥ የምትሸጉጠው የጨርቅ ቅዳጅ። ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አይከራከርም።

እማዬ ዓይኗን አልተጠቀመችም። በአውራ ጣቷ አራተኛውን ዙር እየዳበሰች አለፈች፤ አንዱን፣ ሁለተኛውን... ሰባተኛው ላይ ቆመች። «መጣህ?» አለችው። መሶቡን።

አንዲት ባልቴት ቡሬ እንደምንሄድ ሰምተው ወረቀት ትቶ መሶብ ተሸክሞ ሙግት የሚሄድ ሰው አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። እማዬ መለሰች፦ «ወረቀቱማ አለ፣ እትዬ። ችግሩ እኔ የለሁበትም።»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 28። ቡሬ፣ 10 ሰዓት። መናኸሪያ

ሚኒባስ እስኪሞላ። መሶቡ ጉልበቴ ላይ ነው፤ ደብተሬን ክዳኑ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ።

ጠዋት መንገዱ ተዘግቷል ተባለ፣ ተከፈተ ተባለ፣ እንደገና ተዘጋ ተባለ። እማዬ የምትንቀሳቀስ አልመሰለችም፤ መሶቡን ታቅፋ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀመጠች። ረዳቱ መሶቡ ጣሪያ ላይ ይጫን ብሎ ነበር። «አንተን እዚያ ላይ እጭንሃለሁ» አለችው። መኪናው ሳቀ። ሄድን።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ወጣቶች፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ የትምህርት ማስረጃቸውን በፕላስቲክ የያዙ። መ/ር ዘ. በትልቅ ስክሪን መርከቡን እያሳየ ነው። ገንዳው ሲመጣ አዳራሹ ሁሉ «ኧረ!» አለ። የምግብ አዳራሹ ሲመጣ ስለ እናቱ መሶብ ጀመረ። ልነሣ ስል እማዬ ጉልበቴን ጨበጠችው።

እሷ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ በፍጹም ትሕትና።

«ጌታው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? እናትዎ ይችን አንድ ጥርስ ለምን ዘለሏት?»

ስክሪኑን ዞሮ አየ። ያችን ክፍተት እንዳላያት፣ በሕይወቱ አንድም ቀን እንዳላያት ፊቱ ላይ አነበብኩት። ግን ሰው ነውና አልተረታም። ፈገግ አለ። «እማማ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ይህች ክፍተት የእንግዳ በር ናት። እናቴ ሁልጊዜ ለእንግዳ ቦታ ትተው ነው የሚሰፉት።» አንዳንዶች አጨበጨቡ። እኔ እንኳ ለሰከንድ ያህል ውብ መልስ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እማዬ መሶቡ የታሰረበትን ጨርቅ ፈታች። መሶቡን ጠረጴዛው ላይ፣ ኮምፒውተሩ አጠገብ፣ አስቀመጠች።

«እናትዎን ሰላም ይበሉልኝ። እኔ ግን የዘለልኋት ቆጠራ ተሳስቶብኝ ነው።»

ከዚያ ከኋላ አንዲት ልጅ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሌላ። ከፊት የነበሩት ተነሥተው መሶቡንና ስክሪኑን ማነጻጸር ጀመሩ። ጣት ሲቀሰር፣ ጥርስ ሲቆጠር አየሁ። መ/ር ዘ. ውኃ ጠጣ። የዕረፍት ሰዓት ነው አለ።

ውጭ ጠራኝ። ድምፁ ተለውጧል። አልጮኸም፤ ደክሞታል መሰለኝ። ነገሩን ማካበድ አያስፈልግም፣ የእኔንም የእናቴንም ስም በአዳራሹ የምስጋና ዝርዝር ውስጥ ያስገባል፣ እኔም ወረቀቱን እፈርማለሁ።

ሰው ምስጋና ውስጥ እንዴት እንደሚጠፋ ከማንም በላይ አውቃለሁ አልኩት። ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩለት።

በዚህ ልዘጋው ብችል ደስ ባለኝ። በሩ ላይ ግን አንዲት ልጅ ያዘችኝ። መጀመሪያ የሳቀችው ናት። አሁን አትስቅም። ከሰከላ ነው የመጣችው፣ ማስረጃዎቿን ደረቷ ላይ ይዛ። «አንች ስም ትፈልጊያለሽ። እኛ ሥራ ነው እምንፈልግ። በናንተ ጠብ ቢቀርብንስ?»

ስልክ ቁጥሯን ተቀብዬ ደብተሬ ጀርባ ላይ ጻፍኩት።

ሚኒባሱ ሞላ።

ቅዳሜ፣ ጥር 30። ጠዋት 3 ሰዓት

አ/ሰይድ ኮፒ ቤቱን ለእኔ ብለው በጠዋት ከፈቱ። ለመርከቡ ባለቤቶች ደብዳቤ ጻፍኩ። የጥራዙ ገጾች፣ የመሶቡ ፎቶ፣ የጣሪያው ፎቶ፣ አራተኛው ዙር በቀይ የተከበበ። ሁለት ነገር ጠየቅኩ። የአዳራሹ ሐሳብ የማን እንደሆነ በሩ ላይ ይጻፍ። ከቡሬ የሚመረጡት ልጆች በዚህ ምክንያት አንዳቸውም እንዳይቀሩ። ሁለተኛውን አ/ሰይድ ያዳክምሻል አሉኝ። ያዳክመኝ።

የስም ቅደም ተከተል፦ አንደኛ፣ የሽወርቅ፣ መሶብ ሰፊ። ሁለተኛ፣ ስመኝ፣ ልጇ፣ ሠዓሊ። በጥራዙ ላይ ስሟን የፋቅኩት እኔ ራሴ እንደሆንኩም ጻፍኩ። ይጎዳኛል። ካልጻፍኩት ግን እሱን የምከስበት አፍ የለኝም።

4 ሰዓት

እማዬ ለፊርማ መጣች። አ/ሰይድ የቀለሙን ስፖንጅ አቀረቡላት፣ ለጣት አሻራ። አየችው። ገፋችው። እስክሪብቶውን ጠየቀች።

እስክሪብቶ ይዛ አይቻት አላውቅም። እንደ ወስፌ ነው የያዘችው። ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ ወረቀቱን እየወጋች፣ ሠራችው። ሹል፣ ሹል፣ ሹል። ክፍት። ሹል፣ ሹል።

አ/ሰይድ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ይህ ፊርማ ይሆናል ወይ አልኳቸው። «ከኔማ ይሻላል» አሉ።

ስካን አደረግነው። ኔትወርኩ አንድ መስመር ነው። ይጠፋል፣ ይመጣል። እማዬ ከኋላዬ ቆማ ሄደ ወይ ትለኛለች። አልሄደም። ሄደ ወይ? አልሄደም እማዬ፣ ቆይ።

እየሄደ ነው